ስመ ክርስትናዋ ያልተጻፈ ሴት

በመርሳ የሕዝብ ንባብ ቤት ሲከፈት ኃላፊነቱ ለእኔ የተሰጠው ማንበብ ስለምችል እንጂ ስለ አብዮቱ ስለማውቅ አልነበረም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ብዙ ሰው ፊደል አስቆጥሮ ነበር፤ ፊደል የቆጠረ ሰው ግን የሚያነበው ካላገኘ ዓመት ሳይሞላው ይረሳዋል ተባለ። ስለዚህ ቀበሌው ከጽሕፈት ቤቱ ጎን አንዲት ክፍል ሰጠ። ጠዋት በቤተ ክርስቲያን ዜማ ሳስተምር አረፍድና ከሰዓት በኋላ የንባብ ቤቱን በር እከፍት ጀመር።

መጻሕፍቱን ከወልድያ ያመጣኋቸው ራሴ ነበርኩ። የአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ ካርቶን አስረከበኝና በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ተመለስኩ። አብዛኞቹ ቀጫጭን ነበሩ፤ ስለ ንብ እርባታ፣ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ አቆፋፈር፣ ስለ ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ስለ ወዛደሩ ትግል የሚናገሩ። ከሁሉ ሥር ሽፋኑና የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች የተገነጠሉ አንድ ልቦለድ አገኘሁ።

መጽሐፍ ለሰው መምረጥ ከጠበቅሁት በላይ ከባድ ሥራ ሆነብኝ። እኛ በተማርንበት በአብነት ትምህርት ቤት ምርጫ የለም። ተማሪው ከየትኛው መጽሐፍ ወደ የትኛው እንደሚሻገር አባቶች አስቀድመው ሠርተውታል፤ መምህሩም “ይህን ትወደዋለህ” አይልም። በንባብ ቤቱ ግን ሰው በር ላይ ቆሞ “ለእኔ የሚሆነኝን ይስጡኝ” ይለኛል። ከሰው ጋር በቆየሁ መጠን የራሴን ደንብ አበጀሁ። ዓይናቸው ለደከመ አንድ ሙስሊም ልብስ ሰፊ፣ ጉዳዩ ምንም ይሁን ምን፣ ፊደሉ የጎላውን ሰጠኋቸው፤ ያም የመጸዳጃው ጉድጓድ መጽሐፍ ሆነ። በሳምንቱ መልሰው አመጡና፣ “መሪጌታ፣ ጉድጓዱን ሦስት ጊዜ ወርጄበታለሁ። አሁን ደግሞ የሚያወጣኝ የለዎትም ወይ?” አሉኝ። የንቡን ሰጠኋቸው።

ልቦለዱን በሁለት ቀን የከሰዓት በኋላ ጊዜ አነበብኩት። አንዲት ሴት ጨው ሊያመጣ ወጥቶ የቀረ ወንድሟን ፍለጋ ወደ ቆላ ትወርዳለች። መጨረሻ ላይ ወንዝ ሞልቶ ይወስዳታል፤ መንገደኞች አውጥተው ያለ ፍትሐት ከመንገድ ዳር ይቀብሯታል። እኔ በገድልና በድርሳን ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ሰው ከልቡ ፈጥሮ የጻፈውን ታሪክ ከቧልት ለይቼ አላየውም ነበር። ያን መጽሐፍ ስጨርስ ግን መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ።

ከዚያ በኋላ ቃል መግጠም ለሚችል ሰው ሁሉ እርሱን እሰጥ ጀመር፤ ልቦለድ መሆኑን ግን አልናገርም። የዜማ መምህር ልቦለድ ያድላል እንዲባል አልፈለግሁም። “የአንዲት ሴት ታሪክ ነው፤ ያንብቡት፣ ልብ ያቀናል” ብዬ አልፍ ነበር። ይህ ስለ ቅዱሳን ገድል የምንናገርበት አነጋገር መሆኑን ልቤ ያውቀዋል።

እንዲህ ብዬ ከሰጠኋቸው ሰዎች አንዷ ከመርሳ በላይ፣ የሁለት ሰዓት ዳገት ከሚያስኬድ የሐብሩ መንደር የሚመጡ ባልቴት ነበሩ። ዕድሜያቸው ከእናቴ ብዙ አያንስም። ፊደል የቆጠሩት በዘመቻው ነው፤ ሲያነቡ መስመሩን በስንደዶ እየተከተሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው፤ አንዱን ቃል ሳይጨርሱ ወደሚቀጥለው አያልፉም። መጽሐፉን በገበያ ቀን ወሰዱት። ሌላ ሰው በሁለት ሳምንት የሚመልሰውን እሳቸው ሁለት ወር ሊሞላቸው ሲል መጡ። በነጠላቸው የጠቀለሉትን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ ቀጥለውም አንድ ከረጢት ስንዴና ጧፍ አወጡ።

“ይህ ምንድን ነው፣ እናቴ?”

“መገበሪያ ነው እንጂ! ነገ አርባዋ አይደለም?”

“የማን?”

“የዚች ወንዝ የወሰዳት ነዋ፣ የኔታ! ሞቷን ካነበብኩ ነገ አርባ ቀን ይሞላል። የቀበሯት ሰዎች ፍትሐት እንኳ አላስደረጉላትም። አገር የላት፣ ዘመድ የላት። እኔ አንዴ አውቄ ዝም ብል በነፍሴ አልጠየቅም?” ከዚያም ወደ እኔ ጠጋ አሉ። “የቸገረኝ አንድ ነገር ነው። ገልብጬ ገልብጬ የዓለም ስሟን እንጂ ስመ ክርስትናዋን አላገኘሁትም። ከተገነጠለው ላይ ተጽፎ ይሆናል። አንቱ የተማሩ ነዎትና ይንገሩኝ፤ ቄሱ ያለ ስመ ክርስትና እንዴት ያነሷታል?”

የመጣብኝን ፈተና አልሸሽግም። በ“ወለተ” የሚጀምር አንድ ስም ብናገር ሴትዮዋ ደስ ብሏቸው ይሄዱ ነበር፤ እኔም ከሐፍረት እድን ነበር። ነገር ግን በመቅደስ የሚነሣ ስም ወደ እግዚአብሔር የሚቀርብ ነው፤ ያልነበረች ነፍስ ስም ልኬ ማርልኝ ማለት አልችልም።

“እናቴ፣” አልኩ፣ “ይህች ሴት አልተወለደችም።”

“ሞታ የለም እንዴ? ያልተወለደ ይሞታል?”

“ጸሐፊው ከልቡ አውጥቶ የጻፋት ናት። ልቦለድ ይባላል።”

“ወንድሟስ?”

“እሱም።”

“ወንዙስ?”

“ወንዙ እንኳ ይኖር ይሆናል።”

ባልቴቷ ከረጢቱን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ከዚያ በጸና ድምፅ፣ “ታሪክ ነው ብለው ሰጡኝ፣” አሉ። “ልብ ያቀናል አሉኝ። ካድሬ ቢዋሸኝ ለምጄዋለሁ፤ የኔታ ይዋሹኛል አላልኩም። ጠላ ጠምቄያለሁ። ጎረቤት ጠርቻለሁ። ‘በስተርጅና ተማሪ ቤት’ እያሉ ሲስቁብኝ የከረሙትን ነው የጠራሁ። ነገ ደግሞ ላልተወለደች ሴት አርባ አወጣች ይበሉኝ! ከእንግዲህ መጽሐፍ የሚባል አልነካም።”

ስንዴውንና ጧፉን አንሥተው ወጡ። መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ መጽሐፉን በጋቢዬ ሥር ይዤ ዳገቱን ወጣሁ። ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ሳለ ሐፍረቱን እሳቸው ብቻቸውን እንዲሸከሙት መተው አልቻልኩም። ስደርስ አምስት ሴቶች መደብ ላይ ተቀምጠው ጠላ ቀርቦላቸዋል፤ ባልቴቷ ግን ጋኑ አጠገብ ቆመው ነበር። የማን አርባ እንደ ሆነ ለእንግዶቹ ገና አልነገሯቸውም ነበር። እኔን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ቆሜ ተናገርኩ። መጽሐፉን የሰጠሁ እኔ እንደ ሆንኩ፣ ሰው የፈጠረው ታሪክ መሆኑን በሐፍረት እንደ ደበቅሁ፣ እኒህ እናት ግን ላነበቡት ነፍስ በቅን ልብ እንዳዘኑ አስረዳሁ።  ስጨርስ ሁለት ልጆቻቸው ለሚሊሺያ ሄደው ወሬያቸው የጠፋባቸው አንዲት ጎረቤት ዋንጫቸውን ከፍ አድርገው ተመለከቱ።

“ጠላውስ፣ የኔታ? እሱም ልቦለድ ነው?”

ቤቱ በሣቅ ተናጋ። ባልቴቷ አልሣቁም።

“አንቺም አትኩረፊ፣” አሏቸው ጎረቤቷ። “አርባ ቀን ያስለቀሰሽን እኛም እንስማው እንጂ። ጠርተሽ ጠላ ብቻ ልታጠጪን ነው?”

“ሣቁ ብዬ አላነብም።”

“ሣቅ ካለው እንሥቃለን፤ ከሌለው እንተዋለን። አንብቢ።”

ባልቴቷ መጽሐፉን ከእጄ ወሰዱ። ከጣራው ላይ አንዲት ስንደዶ መዘዙ፤ በሩ ላይ ተቀምጠው ከመጀመሪያው ሳይሆን ከወንዙ ጀመሩ። ቃሉ አንድ በአንድ ይወጣ ነበር። ሴትዮዋ ውኃው ውስጥ እግሯን ስታስገባ አንደኛዋ እንግዳ፣ “ምነው፣ ሞልቶ እያየች! ማን ይሻገራል?” ብለው ቆጣ አሉ።

“ወንድም የጠፋበት፣” አሉ የሁለቱ ልጆች እናት።

ከዚያ በኋላ ንባቡ እስኪያልቅ አንድም ሰው ቀልድ አልተናገረም። ሲያልቅ ባልቴቷ ስንዴውን ምን እንደሚያደርጉት ጠየቁኝ፤ ያነጋገሩኝ ከትናንት ወዲህ ያን ጊዜ ነው። በመንገድ ወድቀው ለቀሩ፣ ስማቸውን ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ ለሌላቸው ሙታን መስጠት እንደሚቻል ነገርኳቸው። ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁና ከረጢቱንም መጽሐፉንም አስረከቡኝ።

ልወጣ ስል የልጆቹ እናት ተከተሉኝ። “እኔም ያኔ ፊደል ቆጥሬ ነበር፤ ዝጎብኛል እንጂ። ለእኔም አንድ ይምረጡልኝ።”

ስለ ንቡ መጽሐፍ መናገር ስጀምር ባልቴቷ ከውስጥ ጮኹ፦ “አስቀድመው የሆነ ነው፣ ያልሆነ ነው ብለው ይንገሯት!”

“የንቡ የሆነ ነው፣” አልኩ። “ይህኛው ያልሆነ ነው።”

“ያልሆነውን ይስጡኝ፣” አሉ የልጆቹ እናት። “የሆነውስ እቤቴ ሞልቶልኛል።”