ሰማያዊ ዝገት

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ባጃጁ አልነሳ ብሎት በራችን ላይ ቁልፉን ደጋግሞ ሲያዞር ሰማሁት። «ጠቅ» ይላል፣ ከዚያ ዝም። እንደገና «ጠቅ»፣ ዝም። «ባትሪው ሞቷል ጋሼ» አለኝ። «ቆይ፣ ቸኩለህ አትፍረድበት» አልኩት ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ። ልጁ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ድምፁ አርባ ዓመት ያህል ወደ ኋላ፣ ወደ አንድ የመስከረም ቀትር ወስዶኝ ነበር።

ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነበርኩ። ድሬ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ፣ ዩስፍ የሚባል በያጅ ከሚሠራበት ግቢ ጥግ ይዤ የመኪና ኤሌክትሪክ እጠግን ነበር። ያስተማረኝ ሰው የለም። ከአንድ የባቡር ሠራተኛ ያገኘሁት የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ነበረኝ፤ ቋንቋውን ስለማላውቅ የማነበው ሥዕሉን ብቻ ነው። መስመሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ በጣቴ እከተልና ደብተሬ ላይ እገለብጠዋለሁ። ዋናው መሣሪያዬ ሁለት ሽቦ ያሰርኩባት ትንሽ አምፖል ነበረች። ሽቦዎቹን አስነክቼ ከበራች ኤሌክትሪኩ ደርሷል፤ ካልበራች መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ከባትሪው ጀምሬ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ፣ ሳልዘል እፈትሻለሁ። በዚህ ቀርፋፋነቴ ዩስፍ «ዶክተር» ይለኝ ነበር። ለክብር እንዳልነበር ግልጽ ነው።

በዚያ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ የታክሲ ሾፌሩ አው ሙሜ መኪናቸውን በሰፈር ልጆች እያስገፉ ግቢያችን ገቡ። አው ሙሜ ወደ ስድሳ የሚጠጉ ሐረሪ ናቸው፤ መኪናዋም በዕድሜ ከእኔ ብትበልጥ እንጂ አታንስም። ለአብዮት በዓል ታክሲዎች ሁሉ ቀለም ይቀቡ ተብሎ በቀበሌ ታዝዞ ስለ ነበር፣ ከኒም ዛፋቸው ሥር ሳምንት ሙሉ ተቀምጠው በብሩሽ ሰማያዊ ቀብተዋታል። መንገደኛውን ሁሉ እያስቆሙ «ሌላው ላይ ላዩን ነው የሚቀባው። እኔ ብሎኑን ሁሉ ፈትቼ፣ ሥር ሥሩን ቀብቼ ነው የመለስኩት» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ የሞተሩ ክፍል ሳይቀር እንደ ሙሽራ ቤት ሆኗል።

ከኋላቸው እትዬ አስካለ ዘንቢል አንጠልጥለው መጡ። የባቡር ሠራተኛ የነበሩት ባላቸው የሞቱባቸው ጎረቤታችን ናቸው። አንድ ልጃቸው ተስፋዬ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሁርሶ ሲሠለጥን ወራት አልፈውታል። ያን ቀን ረፋድ ላይ አንድ ወታደር መልእክት አመጣላቸው፤ ሠልጣኞቹ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ በካሚዮን ተጭነው ወደ ሰሜን ይሄዳሉ፣ ቀድሞ የደረሰ ቤተሰብ የማሠልጠኛው በር ላይ ልጁን ያያል የሚል ነበር። የጠዋቱ ባቡር ሄዷል። ቀበሌው የይለፍ ወረቀት ጽፎላቸዋል፣ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ግን የአው ሙሜ ስምና የዚያች መኪና ታርጋ ነው። በሌላ መኪና ኬላውን ማለፍ የለም።

«አቦ፣ ገፍተን እናስነሳላችሁና ሂዱ» አለ ዩስፍ። የጫት ሰዓቱ ደርሶ ጥላው ሥር ጋደም ብሏል።

«ኬላው ላይ ሞተር አጥፋ ይሉኛል» አሉ አው ሙሜ። «ከዚያ በኋላ ማን ይገፋታል? እኔና አስካለ?»

የጎረቤት ባትሪ ተውሰው ሞክረዋል፤ ያው «ጠቅ» ነው። እትዬ አስካለ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ዘንቢሉን ጭናቸው ላይ አደረጉ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ሳንቡሳ ነበር፤ ትኩሳቱ ገና አልወጣለትም፣ የሽንኩርቱና የቃሪያው ሽታ ግቢውን ሞላው።

«ልጄ፣ ትነሣለች?» አሉኝ።

ያላየሁትን ነገር ይሆናል ማለት አልወድም። «ልያት እትዬ» አልኩ።

ከባትሪው ጀመርኩ። አምፖሏ ባትሪው ላይ ደምቃ በራች። በወፍራሙ ሽቦ ተከትዬ ሞተሪኖው ዘንድ ደረስኩ፤ ቁልፉ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሳው እሱ ነው። እዚያም በራች። የቀረኝ «ማሳ» የምንለው ነው፤ ከባትሪው ወጥቶ ከመኪናዋ አካል ጋር የሚታሰረው ሽቦ። አየሁት። ጠብቆ ታስሯል፣ ዙሪያው ንጹሕ ነው፣ ብሎኑ ያበራል። ሞተሪኖው ግን የሃያ ዓመት ዘይትና አቧራ ለብሷል። በዚህ መሐል እትዬ አስካለ ሰዓት ጠየቁ። እኔም ንጹሑን አምኜ ቆሻሻውን ከሰስኩ። በሕይወቴ አንድ መጋጠሚያ ሳልፈትሽ ያለፍኩት ያን ቀን ነው።

ሞተሪኖውን ፈታሁት። በመስከረም የድሬ ፀሐይ ብረት አይጨበጥም፤ በጨርቅ እየያዝኩ አወረድኩት፣ ከፈትኩት፣ በቤንዚን አጠብኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ገጥሜ ስጨርስ ሰዓቴ ስምንት ከሩብ ይላል። አው ሙሜ «ቢስሚላህ» ብለው ቁልፉን አዞሩ።

ጠቅ።

«ዋሪያ ዶክተር» አለ ዩስፍ ጉንጩን እንደ ሞላ፣ «የበሽተኛው ነፍስ ሳይወጣ ትጨርሳለህ ወይስ ሰው ልጥራ?» ይህን ብሎ ግን ተነሣና ለእትዬ አስካለ በጣሳ ውኃ ወሰደላቸው። እሳቸው ጣሳውን ተቀብለው ሳይጠጡ ያዙት።

ደብተሬን አውጥቼ ገለጥኩ። ከባትሪው የሚወጣው መስመር፣ የትም ዞሮ ዞሮ የሚያልቀው ባትሪው ላይ ነው። ስገለብጠው መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ። እኔ ግን ኤሌክትሪኩን ሲሄድ ሸኝቼው ሲመለስ አልተቀበልኩትም ነበር። የአምፖሏን አንዱን ሽቦ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ባዶ ብረት በሚታይበት ቦታ የመኪናዋ አካል ላይ አደረግኩና «ያዙሩት» አልኳቸው። አምፖሏ ድርግም ብላ ጠፋች። ሽቦውን ከአካሉ አንሥቼ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አደረግኩ። «አሁንም ያዙሩት።» በራች። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው ያ የሚያበራው ብሎን ብቻ ነው። ብነካው ጣቴን ጠበሰኝ።

ፈታሁት። ከሽቦው ሥር፣ ብረትና ብረት መነካካት በነበረባቸው ቦታ፣ እንደ ሳህን የለሰለሰ ሰማያዊ ቀለም ተኝቷል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። አው ሙሜ እንዳሉት ሥር ሥሩን ሳይቀር ቀብተው ነው የመለሱት፤ ጥቂት ቀን በብሎኑ ጥርስ በኩል እንደ ምንም ሲያሾልክ ቆይቶ ያን ቀን እምቢ አለ። ቀና ስል አው ሙሜ አጠገቤ አጎንብሰው ያንኑ ያያሉ። ፊታቸው ላይ የነበረውን ዛሬም ልጽፈው አልችልም።

«ምን ሆኖ ነው?» አሉ እትዬ አስካለ ከኋላችን።

«ዝጓል» አልኩ።

በጀርባዬ ከለልኩትና ብረቱ ነጥቶ እስኪታይ ድረስ በቢላ ፋቅሁት። አሰርኩት። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ባንድ ጊዜ ተነሣ። ዩስፍ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ወደ ጫቱ ተመለሰ፤ ወደ እኔ አላየም። ወረቀቱ «ሾፌርና ረዳት» ስለሚል አው ሙሜ «ረዳት፣ ግባ» አሉኝና ገባሁ።

የሁርሶ መንገድ አቧራና ኮረት ነው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለ ነበር ግራሩ አረንጓዴ ለብሷል፤ የአሸዋው ወንዝ እርጥበት ይዟል፣ ሐዲዱ በጎናችን አንዴ ይቀርባል አንዴ ይርቃል። ኬላው ላይ «አጥፋ» ተባልን። ወረቀቱ ታየ፣ ዘንቢሉ ተፈተሸ፣ ፈታሹ አንድ ሳንቡሳ ወሰደ። ቁልፉ ዞረ፣ ሞተሩ ተነሣ። እትዬ አስካለ ከኋላ ሆነው ማርያምን ያነጋግራሉ።

ጥቂት እንደሄድን አው ሙሜ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንተ ልጅ፣ ዝገት ሰማያዊ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?» አሉኝ።

ጥፍሬ ሥር የቀረውን ሰማያዊ ቀለም መፋቅ ጀመርኩ።

«ተወው፣ ዝም በል። ዝም ማለቱን ታውቅበታለህ» አሉና እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ። ማርሽ መቀየር እስኪያስፈልግ ድረስ አላነሡትም።

ስንደርስ አሥር ሰዓት ሊሆን አሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀረው ነበር። ካሚዮኖቹ ተሰልፈው ሞተራቸው ይጮኻል። ተስፋዬ ራሱን ተላጭቶ፣ ጠቁሮ፣ ከሰልፉ ሮጦ ወጣ። እናቱ አላለቀሱም። ሳንቡሳውን ከፈቱለት፤ ቆሞ በላ። ዘይቱ አገጩ ላይ ሲወርድ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉለት። «እንቅልፍ ትተኛለህ?» ሲሉት ብቻ ሰማሁ። ከዚያ ዞር አልኩላቸው፤ ዓይኔ ግን ከሰዓቴ ላይ አልተነሣም።

ተስፋዬ ደርግ ሲወድቅ ተመልሶ መጣ። እትዬ አስካለ ሁለት ዓመት ቀድመውት አርፈው ነበር። ስለዚህ የእናትና ልጅ የመጨረሻ መገናኘት ያ በር ላይ የነበረው ሆነ፤ እኔም ያን ሞተሪኖ ባልፈታው ኖሮ ስንት ደቂቃ ይጨምሩ እንደ ነበር ሳሰላ ኖርኩ። ለማንም አልተናገርኩትም። ሰው በዕውቀት ማነስ ቢሳሳት ይማርበታል፤ እያወቀ ዘሎ ሲሳሳት ግን ስሕተቱ አብሮት ያረጃል። አው ሙሜን በአንዲት ቃል ከኀፍረት ከለልኳቸው፤ ለራሴ የሚሆን ቃል አልነበረኝም።

ተስፋዬ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል። ከሰዓት በኋላ ደጃፌ ላይ አብረን እንቀመጣለን። ያን የባጃጅ ድምፅ በሰማሁ ማግስት፣ ሁሉንም ነገርኩት፤ ብሎኑን፣ ሞተሪኖውን፣ ያባከንኩትን ጊዜ። «አሥራ ሁለት ደቂቃ ብቻ አስቀረሁላችሁ» አልኩት።

ግራ ገብቶት አየኝ። «የምን አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው? እማዬ እኮ ያን ቀን አብራኝ ነው የዋለችው። ያን ሁሉ ሳንቡሳ አብልታኝ፣ የሰፈሩን ወሬ አንድ ሳይቀር አውርታልኝ፣ ራሴን ስትዳብሰኝ… ከሰዓቱን በሙሉ ነበረች።»

ሰዓቴን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነበር። የተሳሳተ ቁጥር ሰምቼ ማለፍ አይሆንልኝም።

«ልክ ነህ» አልኩት። «ከሰዓቱን በሙሉ ነበረች።»