አንገት ላይ የዋለች ዶላር

ትናንት ካልጋሪ፣ ኮራል ስፕሪንግስ ሰፈር ያለውን ቤቴን የውሃ ቧንቧ ሊጠግን የመጣ ልጅ ቤዝመንት ውስጥ መዳብ ሲበይድ፣ ሽታው ደረጃውን ወጥቶ ሳሎን ድረስ መጣብኝ። "ሶሪ ጋሼ፣ ዊንዶው ኦፕን ላድርግ?" አለኝ። ተወው አልኩት። የብየዳ ሽታ ለሌላው ሰው ራስ ምታት ነው፤ እኔን ግን የሠርጌን ቀን ያስታውሰኛል።

ያኔ፣ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ፣ እዚሁ ካናዳ ካልጋሪ መሃል ከተማ በአንድ የጥንት ሳንቲም መሸጫ እሠራ ነበር። የነዳጁ ሥራ ተቀዛቅዞ ስለነበር፣ ደህና ይኖሩ የነበሩ ሰዎች የአባቶቻቸውን ስብስብ በካልሲ፣ በሲጋራ ሣጥን እያደረጉ ይመጡልናል። እኔ መብራቱን አዘንብዬ፣ ማጉያዬን ዓይኔ ላይ አድርጌ፣ ጠርዙን ብቻ ይዤ አያለሁ። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩት የአሜሪካ የወርቅ ሳንቲሞች የእኔ ድርሻ ነበሩ። ጉራ አይሁንብኝና፣ በዚያ ጎዳና እንደ እኔ የሚያውቃቸው አልነበረም። የተወለወለውንም የውሸቱንም ገና መዳፌ ላይ ሲያርፍ እለየዋለሁ። ለማንም አላዳላም፤ ያየሁትን እናገራለሁ።

ይህ ጠባዬ ሚስት ሊያሳጣኝ ነበር።

እጮኛዬን ያሳደጓት አክስቷ ናቸው። መጀመሪያ ቤታቸው የሄድኩ ዕለት ከአንገታቸው ላይ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ሃያ ዶላር አውርደው ሰጡኝ። ሟች ባለቤታቸው ማንጠልጠያ አሠርተው የሰጧቸው ነው። "ታውቃለህ አሉ። እስቲ እየው" አሉኝ። ገና ስይዘው ቀለለኝ። "እትዬ፣ ይሄ የተለበጠ ነው" አልኳቸው።

ዛሬም ቢሆን ልክ ነበርኩ እላለሁ። እሳቸው ግን ሳንቲሙን ተቀብለው አንገታቸው ላይ መለሱና፣ "ይሄ ልጅ ሰውንም እንዲህ ነው የሚመዝነው" አሏት አጠገቤ የተቀመጠችውን እጮኛዬን። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ተልኮ፣ ስንት ተለምነው፣ "እሷ ከፈለገች እኔ ምን አደርጋለሁ" ብለው ፈቀዱ። ፈቃድ እንጂ ምርቃት አልነበረም። እጮኛዬም "ሳይመርቁኝ ካገባሁህ ዕድሜ ልኬን ይቆጨኛል" እያለች ፊቷ ጠቆረ፤ እኔም እሷን እንዲህ እያየሁ መሞሸር አልፈለግኩም።

ስለዚህ ለጥሎሹ ካለኝ ሁሉ ምርጡን አወጣሁ። አሜሪካ፣ የጆርጂያ ግዛት ተራሮች ውስጥ በነበረች ትንሽ የገንዘብ መሥሪያ የተሠራች፣ የአንድ ዶላር የወርቅ ሳንቲም ናት። ከሸሚዝ ቁልፍ እምብዛም አትበልጥም። ጀርባዋ ላይ፣ ከቅጠል ጉንጉኑ ሥር፣ "ዲ" የምትል ፊደል አለች፤ እሷን የያዙ ጥቂት ናቸው። ብዙ እጅ ስላልነካት፣ መብራት ሥር ዘንበል ስታደርጋት ብርሃኑ ፊቷ ላይ ይዞራል። እንደዚያች ያለች ዳግመኛ እጄ አልገባችም።

በጥሎሹ ቀን ሚዜዬ መጀመሪያ ቀሚሱን ከፍ አድርጎ አሳየ፤ ሴቶቹ እንደ ደንቡ "አላየንም! አላየንም!" እያሉ አለፉት። ቀጥሎ ዶላሯን ከነፕላስቲክ ማቀፊያዋ አነሳት። "አላየንም!" አሉ። አሁንስ እውነታቸውን ነበር። ታክሲ የሚነዳ፣ ቀልደኛ ኤርትራዊ ነው ሚዜዬ፤ "ቆይ፣ ፍላሽላይት ላምጣላችሁ!" ሲል ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አክስቷ ብቻ አልሳቁም። "ወርቅ በላስቲክ ይታሸጋል እንዴ? አንገት ላይ ካልዋለ ምኑን ወርቅ ሆነ?" ብለው ሣጥኑን ዘጉት።

የሠርጉ ዕለት ሙሽራዬን ልወስድ ቤታቸው ስገባ የብየዳ ሽታ ተቀበለኝ። ገና ሳላያት ሆዴ አወቀው። ሙሽራዬ ከጓዳ ወጣች፤ ዶላሯ ተወልውላ፣ አናቷ ላይ ማንጠልጠያ ተበይዶላት፣ አንገቷ ላይ ትብለጨለጫለች። ለካ አክስቷ ጎረቤት ያሉ ወርቅ ሠሪ ሽማግሌ ጠርተው ጠዋት ኩሽና ውስጥ አስበይደዋታል። ማንጠልጠያው የተሠራው በስደት ካርቱም ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ ካላወለቁት ጉትቻቸው ነው። አንዱ ጆሯቸው ባዶ ነበር።

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። አክስቷ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟቸውና፣ "በል እንግዲህ፣ አንተ አዋቂ ነህ። አሁን ስንት ታወጣለች?" አሉኝ።

ማጉያ አላስፈለገኝም። ብየዳው ጠርዟን በልቶታል፤ ያ የሚዞረው ብርሃን በውልወላው ጠፍቷል። የቀረው ወርቁ ብቻ ነው። ሙሽራዬ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቅ መጥታ አጠገቤ ትቀመጥ ስለነበር ምን እንደማይ ታውቃለች። በጣም አዘንኩ፤ አልዋሽህም። ከዚያ ባዶውን ጆሮ አየሁት።

"እትዬ፣ ዋጋ አይወጣላትም" አልኩ።

እኛ ሱቅ ይህ የተበላሸ ሳንቲም ፍርድ ነው፤ ጎን አድርገን የምንለው ነው። እሳቸው የሰሙት ሌላውን ነው፤ በገንዘብ የማትተመን ውድ ናት ማለቴን። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ሁለቱን እጆቻቸውን ራሴ ላይ ጫኑና፣ "ውለዱ፣ ክበዱ፣ አብራችሁ አርጁ፣ ልጄ" አሉኝ። ልጄ ሲሉኝ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። ሙሽራዬ ቆማ አለቀሰች።

ሚዜዬ የመኪናውን ጡሩምባ እያስጮኸ ሲነዳን ሙሽራዬ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። "የቱን ነው ያልካቸው?"

"ሁለቱንም" አልኳት።

ሳቀች፤ አዳራሹ እስክንደርስ እጄን አልለቀቀችውም። በኋላም በትዳራችን ዘመን፣ ሲላት ዶላሯን በጣቷ እያዞረች ይህንኑ ትጠይቀኛለች፤ እኔም ያንኑ እመልስላታለሁ። ካረፈች ወዲህ የሚጠይቀኝ የለም። ዛሬ ብትጠይቀኝ ኖሮ አንዱን ብቻ፣ አክስቷ የሰሙትን፣ ነበር የምነግራት።