የተነጠቅሁት ደረጃ

ጀርመን አገር፣ ኒድ በሚባል ሰፈር ባለው ሕንፃችን ደረጃ የሚታጠበው በተራ ነበር። ተራው የደረሰ ሰው በሩ ላይ ትንሽ ሰሌዳ ይንጠለጠልለታል። የኔ በር ላይ ሲውል ከሹመት አልለየውም፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚፈልገኝ ነገር ቢኖር ያ ሰሌዳ ብቻ ነበር።

ፊት ለፊቴ የምትኖረው ባሏ የሞተባት ጀርመናዊት ጠላቴ ናት። ጸባችን የጀመረው እብነ በረዱን በኮምጣጤ ያጠበች ጊዜ ነው። ኮምጣጤ እብነ በረድ ይበላል፤ ከታች ሦስተኛው እርከን እስከ ዛሬ እንደ ለምጽ ነጥቶና ሻክሮ ቀርቷል። ለፖስተኛው ሳይቀር አሳይቻለሁ። እሷም በበኩሏ እኔ ባጠብኩ ቁጥር ጥጋጥጉን በነጭ ጨርቅ ትጠርግና ጨርቁን ዓይኔ እያየ ታገላብጠዋለች። እንዲህ እየተናናቅን በሰላም ኖርን።

አምና ግን የቤቱን አስተዳዳሪ አሳምና የጽዳት ድርጅት አስቀጠረች። ወድቄ እንዳልሰበር አስባልኝ ነው አሉ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሰሌዳው ተነሣ።

ሐሙስ ጠዋት የመጣችው የጽዳት ሠራተኛ ደግሞ ያገሬ ልጅ ሆና አረፈችው። ባዳ ብትሆን ደህና አድርጌ እጣላት ነበር። ደረጃው አናት ላይ ቆሜ ስለ ድንጋይ አያያዝ ማስተማር ጀመርኩ፤ አሲድ እንዳይነካው፣ ውሃ እንዳይበዛበት፣ መጨረሻ ላይ በደረቅ ጨርቅ እንዲታሽ። ቀና እንኳ አላለችም።

«አባባ፣ ይግቡ፤ ይበርድዎታል።»

«ስለ ብርዱ ማን ጠየቀሽ?»

«እንግዲያው እግርዎን ያንሱልኝ፣ ከሥሩ ልጥረግ።»

አንቱ እያለች ከገዛ ደረጃዬ አባረረችኝ።

እንደሄደች ባልዲዬን አወጣሁ። ልዩነቱን ሕንፃው ሁሉ እንዲያይልኝ፣ አንድ ክዳን የሚበቃውን የድንጋይ ሳሙና እንደ ወጥ ዘይት ለቀቅሁበት። ደረጃው አበራ። ሥራዬን ላደንቅ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አልኩና በቂጤ ቁልቁል ተንሸራተትኩ። ያቆመኝ ያ ኮምጣጤ የበላው፣ የሻከረው እርከን ነው። የጠላቴ ጥፋት ባይኖር ኖሮ እስከ ምድር ቤት እወርድ ነበር።

በሯን ከፍታ ብቅ አለች። እጇን አልዘረጋችልኝም። ላይኛውን እርከን በነጠላ ጫማዋ ጫፍ ነካ አደረገችና፣ ይህ የድርጅቱ ጥፋት እንደሆነ፣ አሁኑኑ ደውላ ሴትዮዋን እንደምታስባርር፣ ሌላ እስኪገኝ ተራው ወደ እኛ እንደሚመለስ ነገረችኝ። ከዚያ ክንዷን አጣጥፋ ትመለከተኝ ጀመር።

ሰሌዳው በዓይኔ ዞረ። መዋሸት እንኳ አያስፈልገኝም፤ አፌን ዘግቼ መቀመጥ ይበቃኝ ነበር።

«ሳሙናው የኔ ነው» አልኩ። ለጽድቅ ብዬ እንዳይመስላችሁ። እንደዚያ ያበራውን ደረጃ ያቺ ልጅ አጠበችው እንዲባል ስላልፈለግሁ ነው።

«ባልዲዎን በበሩ መመልከቻ ቀዳዳ አይቼዋለሁ» አለችና ዘጋችብኝ።

ለልጅቷ ማን እንደነገራት መገመት አያቅትም። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ፣ ወለሉ ረጠበም ደረቀም፣ እግሩ ወደ ሰማይ የተሰቀለ ሰው ያለበትን ቢጫ ማስጠንቀቂያ በሬ ላይ ትገትረዋለች፤ የኔ በር ላይ ብቻ። ጎረቤቴ ስታልፍ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እኔን ታያለች። መመሳሰላችንን አልክድም።

ይሁን፤ በሬ ላይ እንደገና ሰሌዳ ውሏል።