ሳይማ ስትስቅ የቀረጽኩት ቪዲዮ

ሳይማ ትናንት ከሥራ ስትወጣ የድምፅ መልእክት ልካልኝ ነበር። "ሐሙስ ፈረቃሽን እኔ እይዝልሻለሁ፣ አንቺ ልጅሽን ሐኪም ቤት ውሰጃት" ትላለች። ዛሬ ጠዋት አለቃችን ደውላ ሳይማ ሞተች አለችኝ።

"የትኛዋ ሳይማ?" አልኳት። ሌላ ሳይማ እኮ አናውቅም።

ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሶ ነው አሉ። አርባ አንድ ዓመቷ ነበር።

ፎቶዋን አልለጥፍም። ለምን እንደሆነ ስታነቡት ይገባችኋል።

አብዛኞቻችሁ አታውቋትም። እዚህ ስዊድን፣ ሻርሆልመን የሚባል ሰፈር፣ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ሰባት ዓመት አብረን ሠርተናል። የፓኪስታን ልጅ ናት፣ ከላሆር። ባሏን ፈትታ ብቻዋን ነበር የምትኖረው። እኔ ማተቤን አስሬ፣ እሷ ሻርፗን ጠምጥማ፣ በተሰባበረ ስዊድንኛ ተግባባን። በረመዳን ምሳዬን ተደብቄ ስበላ ትይዘኝና "ብይ ባክሽ፣ አላህ የአንቺን ምሳ አይቆጥርም" ትለኛለች።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ትሰግዳለች። በስልኳ ደግሞ አገሯ ላሉ ሴቶች ቁርኣን ማንበብ ታስተምር ነበር። ፊቷ አይታይም፤ እጇና መጽሐፉ ብቻ። ወደ ቤት ስንመለስ በቱነልባና፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ የተማሪዎቿን መልእክት ትተረጉምልኛለች። ደስታዋ እሱ ነበር።

ከአራት ዓመት በፊት፣ ለሚድሶመር፣ ለስዊድኖች የበጋ በዓል፣ ግቢው ውስጥ ሙዚቃ ተከፈተ። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አንድ ሽማግሌ መደገፊያቸውን ትተው እጃቸውን ዘረጉላት። ሁለቱንም እጃቸውን ይዛ፣ እንዳይወድቁ ቀስ እያለች አዞረቻቸው። ሻርፗ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ቀረጽኩት። "የሥራ ቦታችን ንግሥት" ብዬ፣ ስሟን ጨምሬ ቲክቶክ ላይ ለጠፍኩት። አልጠየቅኋትም።

አዎ፣ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ይሄን ዛሬ ካልጻፍኩት መቼም አልጽፈውም።

በሦስተኛው ቀን ላሆር ደረሰ። አንድ ሰው ቆራርጦታል፤ ሽማግሌው ወጥተው፣ እሷ አጠገብ የወንድ እጅ ብቻ ቀርቷል። ከሥሩ "ቁርኣን አስተማሪያችሁ ይቺ ናት" የሚል ተጽፏል። እኔ የራሴን ወዲያው አጠፋሁ። የእነሱን ማን ያጥፋው?

የሰደቧት ወንዶች ብቻ አልነበሩም። አንድ ቀን ከተማሪዎቿ የአንዷን ስድብ አነበበችልኝ። "ይቺን ልጅ ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ" አለችኝ።

ከዚያ ታላቅ ወንድሟ ደወለ። ታናሽ እህታቸው ታጭታ ነበር። ሳይማ በቪዲዮ ይቅርታ ካልጠየቀች የሙሽራው ቤተሰብ ልጅቷን ይተዋታል አላት። ይቅርታ ብትጠይቅ ጥፋቱን አመነች ማለት ነው። ዝም ብትል የእህቷ ትዳር ይቀራል።

"ሰውዬው እንዳይወድቁ መያዜን ነው ይቅርታ የምጠይቀው?" አለችኝ።

ግን ለእህቷ ስትል እሺ አለች።

ኖርስቦሪ ሰፈር፣ እኔ ቤት መጥታ ቀረጽነው። ስልኩን የያዝኩት አሁንም እኔ ነበርኩ። ልጄ በስዊድንኛ "እማዬ፣ ምን አድርጋ ነው?" ብላ ስትጠይቀኝ ዝም በይ አልኳት። ሳይማ ይቅርታውን ስድስት ጊዜ ደጋግማ ተናገረችው። ቪዲዮውን ለቀቀችው። "ሳታለቅሺ ምን ይቅርታ አለ?" አሏት።

እህቷ አገባች። ሳይማ ግን እንዳትመጣ ተነገራት። ሰርጉ በቀጥታ ሲተላለፍ ምሳ እረፍታችን ላይ በስልኳ እያየች "እንኳን ደስ አለሽ" ብላ ጻፈች። ወዲያው ተዘጋባት። ወንድሟ ብሎክ አድርጓታል። የቀረውን በእኔ ስልክ ከፍተን፣ አንድ ወንበር ላይ ተጠጋግተን አየነው።

አገርሽ መቼ ትሄጃለሽ ባልኳት ቁጥር መልሷ አንድ ነበር፦ "እስቲ ትንሽ ይርገብ።" እናቷ ታመሙ፤ እስቲ ትንሽ ይርገብ አለች። እናቷ ሞቱ። ነገሩ ሊረግብ ሲል ደግሞ አንዱ ተነስቶ መልሶ ይለጥፈዋል። እዚህም አላመለጠችም። ሻርሆልመን ገበያ ውስጥ በቋንቋዋ የሚያወራ ሰው ከሰማች መንገድ ትቀይራለች። ሻርፗን ብታላላ "አላልናችሁም?" ትባላለች፤ ብታጠብቅ "አስመሳይ"።

ሃይማኖቷን ግን አልተወችም። "የሚያሳድዱኝ በእሱ ስም ነው። የምሸሸውም ወደ እሱ ነው። ሌላ የት ልሂድ?" ብላኛለች አንዴ።

"እነሱ እኮ እንዲህ ናቸው" የሚል ኮሜንት እንዳትጽፉልኝ። የእኛን የቴሌግራም ግሩፖች አውቃቸዋለሁ፣ ውስጣቸው ነኝ። ባሏን የፈታች አንዲት እህታችን በቤተ ክርስቲያን በዓል የተነሳችውን ፎቶ እያጎላን ምን እንዳልናት አልረሳሁም። እኔም የሳቅ ምልክት ልኬ ነበር።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የሳይማ እህት ጻፈችልኝ። ያቺ ሙሽራዋ። "ያ ቪዲዮ አለሽ? ያልተቆረጠው። ሳቋን መስማት እፈልጋለሁ" ይላል።

ስልኬ ላይ አለ። ከቲክቶክ እንጂ ከስልኬ አላጠፋሁትም። ልላክላት? አንዴ ሳልጠይቃት ልኬዋለሁ። አሁን ደግሞ የምጠይቃት የለችም። ስልኩን አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

ሳይማዬ፣ ነገ የመስጊዱ ሴቶች አጥበው ይገንዙሻል። አንዷ ደውላ "እዚህ ዘመድ የላትም፤ ከፈለግሽ በሩ ላይ መቆም ትችያለሽ" አለችኝ። እመጣለሁ። ነጠላዬን ለብሼ እቆምልሻለሁ፤ ስልኬን ቤት ትቼ።

ማንም አይቀርጽሽም፣ እህቴ። እረፊ።