የባልቴቷ ከረጢት

ስለ አንድ የቡና መልቀሚያ ከረጢት መጻፍ ይገባ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ አነስተኛ ንግድ ስማር ግን ደጋግሞ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው።

እናቴ ሄርማታ ገበያው አጠገብ በረንዳ ላይ ልብስ ትሰፋ ነበር። ልባሽ ጨርቅ ገበያውን ሲሞላው ደንበኞቿ ቀሩ። አባቴ ማሽኑን እንድትሸጥ ወተወታት። ከማሽኑ ሌላ የራሴ የምትለው ነገር ስላልነበራት፣ "ለቀማው እስኪያበቃ ታገሠኝ፤ ካልሆነልኝ እሸጠዋለሁ" አለችው።

ለቃሚዎች ወገባቸው ላይ ቅርጫት አስረው ነው የሚለቅሙት። እሷ በቅርጫቱ ፈንታ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ከረጢት ሰፋች። የመጀመሪያውን ከአጋሮ በኩል ለሚመጡ፣ ከደንበኞቿ ሁሉ ነጭናጫ ለሆኑ ባልቴት በነጻ ሰጠች። ለምን ለእሳቸው? ያኔ አልገባኝም።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ባልቴቷ ከሩቅ ተጣሩ።

"ኢንተሎ! አንቺ ልጅ! በቅሎ መሰልኩሽ እንዴ? አንገቴ ላይ የገብስ መብያ ገፈራ አንጠልጥለሽ የሰደድሽኝ!"

"ሌላስ እማማ? ሌላ ምን አስቸገረዎት?"

"ሌላማ ስዘቀዝቀው ግማሹ እግሬ ሥር ፈሰሰ። ወላሂ፣ ልጆቹ 'ዶሮ እየቀለቡ ነው?' ብለው ሳቁብኝ።"

እናቴም ሳቀች፤ ከረጢቱን ተቀብላ እዚያው መተርተር ጀመረች። ማንገቻውን ወደ ትከሻ አዛወረች፤ ታቹን ከፍታ በገመድ የሚታሰር አደረገችው።

"ሲሰድቡሽ ምን ደስ ይልሻል?" ብዬ ጠየቅኳት።

"የሚያመሰግነኝ ሰው የቱን እንደማስተካክል አይነግረኝማ" አለች።

ከረጢቱ መሸጥ እንደጀመረ፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊ ያንኑ አስመስሎ ሰፍቶ ሰቀለ።

"ሂጂና ተጣዪው እንጂ!" አላት አባቴ።

ሄደች፤ ግን አንዱን ገዝታ ተመለሰች። ለባልቴቷ ሰጥታ፣ "የሱንም ይስደቡልኝ" አለቻቸው።

"የሱ እንኳ ኪስ አለው" አሉ በሳምንቱ፤ "አንቺ ምሳዬን የት ላድርገው ብለሽ ነው?"

እናቴ ኪስ ጨመረች፤ ከዚያም ጠል እንዳያስገባ በማዳበሪያ ጆንያ ለበጠችው። ባልቴቷ ቡናው ይታፈናል አሉ፤ ጎኑን በመረብ ቀየረችው። እያማረሩም ቢሆን ጎረቤቶቻቸውን ይዘው መምጣት ጀመሩ። ለቀማው ሲያበቃ ደግሞ ስለ ቡና ማስጫው ሸራ ማጉረምረም ያዙ፤ እናቴ ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው።

አባቴ የማሽኑን ሽያጭ ለመጨረሻ ጊዜ ያነሣው በገና ዋዜማ ነው። እናቴ ሸራ እየለካች፣ "አልሸጠውም" አለችው፤ እሱም የሸራውን ጫፍ ያዘላት። ታኅሣሥ 28 ቀን 2002 ዓ.ም. ነበር።