የሴት ፍሬም

ለአሸዋና ለጭቃ ውድድር የተሠራው ሳይክሌ ፍሬሙ ተሰነጠቀ። ዕቃዎቹን ሌላ ፍሬም ላይ ገጥሞ ለሥራ መመላለሻ እንዲያደርግልኝ ለሰፈራችን ሳይክል ሠሪ ለአብዲ ሰጠሁት። ሦስት ሳምንት ሙሉ «ነገ ና» እያለ አመላለሰኝ። ጎማው ሲገባ ፍሬኑ አይገጥም፤ ፍሬኑ ሲገጥም ካቴናው ያጥራል። በዚያ የድሬ ሙቀት በእግሬ እየተመላለስኩ ደሜ ፈላ።

በመጨረሻ «አልቋል» አለኝና ሄድኩ። ፍሬሙን ሳየው መሃሉ ዝቅ ያለ፣ ቀሚስ ለለበሰ የሚመች ነው።

«አብዲ፣ ይሄ እኮ የሴት ነው!»

«አቦ አታካብድ! በሽርጥም ትነዳዋለህ። ወላሂ፣ በልክህ ያገኘሁት እሱን ብቻ ነው።»

ሰው እንዳያየኝ በጓሮ በጓሮ እየገፋሁ ቤት አደረስኩት። እናቴ ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣለች። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ «ወይ ጉልበቴ» ሳትል ውላ አታውቅም። ብሶቴን ተናግሬ ሳልጨርስ እርጥቡን አንሶላ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችና ሳይክሉን ከእጄ ተቀበለችኝ።

«እማዬ፣ ትወድቂያለሽ!»

ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወጣችበት፤ አንዴ እንኳን ሳትንገዳገድ ግቢውን ዞረችው። እናቴ ሳይክል መንዳት እንደምትችል በሠላሳ አራት ዓመቴ ገና ያን ቀን ማወቄ ነው።

«ከዚራ ሰፈር ደርሼ እመጣለሁ፤ ልብሱን አስጥተህ ጨርስ» አለችኝና በበሩ ወጥታ ተፈተለከች።