የአያ ኪሮስ በሬ በአባቴ ፎቶ ላይ

ያን ዕለት ጠዋት አባቴ በሬያችንን ቦራን ይዞ ማሳው ዳር ቆመ። ቢጠብቅ ቢጠብቅ አያ ኪሮስ የሉም... ፀሐይ ወጣች፣ ጤዛው ደረቀ፣ አሁንም የሉም።

ወሩ ሐምሌ ነው። እኛ ሰቆጣ ዙሪያ ዝናቡ ዘግይቶ መጥቶ ቀድሞ የሚሄድ እንግዳ ነው። ጤፍ በወቅቱ ካልተዘራ ዓመቱን ሙሉ እህል ሸማች መሆን ነው። አባቴ ያለው አንድ በሬ ነው፤ ቦራ። ጎረቤታችን አያ ኪሮስም ያላቸው አንድ በሬ ነው፤ ዳለቻ። ሁለቱን አጣምደው በመቀናጆ ያርሳሉ... አንድ ቀን ለኛ፣ አንድ ቀን ለሳቸው። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ እንዲሁ ናቸው፤ በሬው ይቀያየራል እንጂ ሰዎቹ ያው ናቸው።

እናቴ ልካኝ ቤታቸው ሄድኩ። አያ ኪሮስ ደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ዳለቻ አጠገባቸው ታስሮ ገለባ ይበላል።

«ደህና አደሩ አያ ኪሮስ? አባቴ ማሳው ላይ እየጠበቀዎት ነው።»

«ምን አነሰው? ዳለቻ ፎቶው ላይ አለለት አይደል፤ በሱ ይረስ!»

ጉድ ፈላ አልኩ በልቤ። ነገሩ የመጣው በኔው ካሜራ ነዋ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ እኔ አዲስ አበባ ፎቶ ማንሳት እማራለሁ። አስተማሪያችን ፎቶ ቤት ገብቶ እንደ ምሰሶ ተገትሮ የሚነሳ ሰው አይወዱም። «የቤተሰባችሁን ኑሮና ሥራ እንዳለ አንስታችሁ አምጡ» ብለውን፣ ባለፈው ክረምት አገሬ ገብቼ ያገኘሁትን ሁሉ አነሳሁ። እናቴ ጌሾ ስትወቅጥ፣ ቄሶቹ ከቅዳሴ ሲወጡ፣ ሰቆጣ ገበያ ፍየል ሻጭና ገዥ ሲካረሩ... ከሁሉም ያማረው ግን አባቴ ሲያርስ ያነሳሁት ነው። ዘንድሮ አጥቤ አመጣሁለት።

አባቴ ሥራ ፈታ። ፎቶውን ከጋቢው ሥር ጉያው ውስጥ ይዞ ይዞራል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ለመጣው ለሄደው እያወጣ ሲያሳይ ዋለ። ችግሩ ምን መሰላችሁ... ፎቶው ላይ ከፊት የቆመው ዳለቻ ነው። የኛ ቦራ ከኋላው ተከልሎ ቀንዱ ብቻ ይታያል። ያየው ሁሉ «አቤት፣ ምን ያለ በሬ ነው የያዝክ!» ሲለው አባቴ ዝም። ደስ ብሎት ዝም!

ይህ ወሬ ነው አያ ኪሮስ ጆሮ የገባው።

«ልጄ፣ እኔ ያለኝ ይኸው አንድ በሬ ነው» አሉኝ የዳለቻን አንገት እያሻሹ። «ፎቶውን ያየ ሰው ምን ይላል? ኪሮስ ቸግሮት በሬውን ሸጠ ይላል። አባትህ 'የኪሮስ ነው' ቢል ምን ነበረበት?» ከዚያ አማርኛው አልበቃቸውም፤ የቀረውን በአገውኛቸው በኽምጣንጋ ጨረሱት።

አንጀቴን በሉት። ሮጬ ካሜራዬን አመጣሁ። ስመለስ አባቴም ቦራን እየነዳ ደርሷል፣ እናቴም ከኋላው።

«አያ ኪሮስ፣ እርስዎንም ሲያርሱ ላንሳዎት።»

«በማን በሬ?»

«በዳለቻና በቦራ።»

«የሰው በሬ ይዤ ተነስቼ እኔም እንደ አባትህ ልሁን?»

«እሺ፣ በዳለቻ ብቻ።»

«ባንድ በሬ ማን ሲያርስ አየህ?»

«እንግዲያው ሁለታችሁን አብሬ ላንሳ! ዕርፉን አብራችሁ ትይዛላችሁ።»

ይኼኔ አባቴና አያ ኪሮስ ተያዩ። በዚያ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ።

«አንድ ዕርፍ ለሁለት ሰው? አገር ይሳቅብን እንዴ!» አለ አባቴ። አያ ኪሮስም ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህ ልጅ አዲስ አበባ ሄዶ እርሻ ረሳ ተባልኩና አረፍኩት።

የገላገለችን እናቴ ናት። ፎቶውን ከአባቴ ጉያ መዝዛ አወጣችው።

«በሬውን በተራ ትጠምዱ የለም? ፎቶውን ማን ለብቻ ያዙ አላችሁ? ጥማዱ በዋለበት ቤት ፎቶውም ይደር። አሁን በሬውን ፍቱት፤ ጤፉ አፈር ሳይቀምስ ዝናቡ ሊሄድ ነው!»

አባቴ አንገቱን ደፋ። «ኪሮስ... መናገር ነበረብኝ። እሑድ ደጀ ሰላሙ ላይ የማን በሬ እንደሆነ ራሴ እናገራለሁ።»

አያ ኪሮስ ተነስተው ዳለቻን ፈቱት።

ጤፋችን ተዘራ። ያ ፎቶም ከቀንበሩ ጋር ከቤት ቤት መዞር ጀመረ። እርሻው ካለቀ በኋላ እንኳ አልቆመም። አመሻሽ ላይ አንደኛው ፎቶውን ይዞ ይመጣል፣ ጠላ ይቀዳል፣ የዳለቻ ቁመትና የቦራ ጉልበት እንደ አዲስ ይወራል።

በዓመቱ ስመለስ ፎቶውን ለማወቅ ተቸገርኩ። ጭስ ጠጥቷል፣ ጠርዙ ተበልቷል፣ የአባቴ ፊት ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የአውራ ጣት አሻራ አርፏል። እኔ ብልሁ ለየቤታቸው እንዲሆን ሌላ አጥቤ ይዤ መጥቻለሁ! ኮራ ብዬ ለአባቴ ሰጠሁት።

አገላብጦ አየውና መለሰልኝ።

«ምነው አባዬ፣ አልወደድከውም?»

«እንዴት አልወደውም! ግን ለየራሳችን ካለንማ... ኪሮስ ምን ብሎ ይመጣል?»

ያ ትርፍ ፎቶ እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ አለ... ንጹሕ ነው፣ ማንም አልተጣላበትም፣ ማንም አልታረቀበትም። ሳየው ያሳዝነኛል።